አሲርቲኮ፦ ስለ ሳንቶሪኒ ነጭ ወይን በስህተት የሚወራውና እውነታው

የግሪክ ደሴት የሆነችውን ሳንቶሪኒን በስም ባታውቋት እንኳ በፎቶ አይታችኋታል። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ስትጠልቅ የምታምር ጀንበር። አሲርቲኮ ከሚባለው የወይን ፍሬ ስለሚጠመቀው፣ በፍሬው ስም ስለሚጠራው ነጭ ወይኗ ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«ማሳው ባለቤት የሌለው ይመስላል።» መጀመሪያ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ወይን ስንል በሽቦ ተደግፎ በሰልፍ የቆመ ነው የሚታየን። እዚያ ግን ግራጫ አመድ ላይ ቁጥቋጦ ተበትኗል። ጠጋ ስትሉ ቁጥቋጦው ቅርጫት ነው። ገበሬው በየዓመቱ ሲገርዝ ያስቀራቸውን ቅርንጫፎች እያጠማዘዘ ክብ አድርጎ ይጎነጉናቸዋል። ኩሉራ ይሉታል፤ ክብ ዳቦም በግሪክኛ እንዲሁ ይባላል። ዘለላው መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቅርጫቱ ውስጥ ይበስላል። የኤጂያን ባሕር ንፋስ አይገርፈው፣ ፀሐይ አያቃጥለው። ዝናቡ በዓመት ከ400 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በበጋማ ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። ሌሊት ከባሕር የሚመጣውን እርጥበት ግን አመዱና ቀላሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይይዙለታል። ቅርጫቱ አርጅቶ ፍሬ ሲነፍግ ይቆረጥና ከዚያው ሥር አዲስ ይወጣል። ስለዚህ የተክሉን ዕድሜ ላዩን አይቶ መገመት ዘበት ነው።

«የአውሮፓ ወይን ሁሉ በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የተቀጠለ ነው።» በአብዛኛው ልክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የምትባል ሥር መጣጭ ነፍሳት አውሮፓን ስታራቁት የተገኘው መላ እሱ ነበር። ሸክላ የሌለው የሳንቶሪኒ አሸዋማ አፈር ግን አልተመቻትም። የደሴቷ ወይን እስከ ዛሬ በገዛ ሥሩ ነው የቆመው።

«ወይኑ ጨው ጨው የሚለው ከአመዱ ነው።» አስጎብኚዎች ይቺን ይወዷታል። ሥር ግን የድንጋይ ጣዕም መጥጦ ብርጭቆ ውስጥ አይጨምርም። የአሲርቲኮ ተአምር ሌላ ነው፤ ሌላው ወይን በሙቀት ሲበስል ኮምጣጣነቱን ሲያጣ፣ እሱ ይዞት ይቀራል። «ነጭ ወይን አይቆይም» የሚለውንም ያፈረሰው በዚሁ ነው፤ ጥሩው ለዓመታት ይቀመጣል።

የጥድ ሙጫ ይሸታል? እሱ ሬትሲና የሚባለው ነው፤ ሌላ የግሪክ ወይን።

«የደሴቷ ጣፋጭ ወይን ቪንሳንቶ፣ ቪን ሳንቶ የሚባለው የጣሊያን ወይን ኮፒ ነው።» አይደለም፤ የራሷ ነው። ዘለላው ከተለቀመ በኋላ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲጨማደድ ይጨመቃል፤ ከዚያ ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ ይቆያል። ከግማሽ በላዩ አሲርቲኮ መሆን አለበት። ድሮ በመርከብ ወደ ሩሲያ ይሄድ ነበር፤ ለቅዱስ ቁርባን። ከዘቢብ ለሚቀድስ አገር ሰው ይሄ ብዙም አይገርም።

«ቱሪዝሙ ወይኑን ያኖረዋል።» ጠርሙሱ በውድ መሸጡ እውነት ነው። ግን እዚያች ጠባብ ደሴት ላይ መሬት ለሆቴል ሲሆን ከወይን የበለጠ ያወጣል። ኩሉራ ደግሞ በማሽን አይጎነጎንም፤ ጎንበስ ብሎ፣ በእጅ፣ አንድ በአንድ ነው።