«ብርቅዬ» ማለት ምንድን ነው?

ተማሪ ሳለሁ የኢትዮጵያን ብርቅዬ እንስሳት እንደ ዳዊት እደግማቸው ነበር። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የደጋ አጋዘን። ፈተና ላይ ስማቸውን ዘርዝሬ ሙሉ ማርክ አገኛለሁ። «ብርቅዬ ማለትስ ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ቢጠይቀኝ «ቁጥሩ ጥቂት የሆነ እንስሳ» ብዬ እመልስ ነበር። ዛሬም ብዙ ተማሪ፣ አንዳንድ አስተማሪም ጭምር፣ እንደዚያ ነው የሚመልሰው። መልሱ ግን ስህተት ነው።

አንድ ዝርያ ብርቅዬ የሚባለው በተፈጥሮ በአንድ ቦታ ብቻ ሲኖር ነው። ሳይንቲስቶቹ ኢንዴሚክ ይሉታል። ብዛት እዚህ ውስጥ አይገባም። ሚሊዮንም ይሁን አምስት ብቻ ይቅር፣ ከዚያ ቦታ ውጭ ከሌለ ብርቅዬ ነው።

ግራ የሚያጋባን ቃሉ ራሱ ነው። በአፋችን ብርቅ ማለት እንደ ልብ የማይገኝ ነገር ነው፤ ዘይት ከሱቅ ሲጠፋ «ዘይት ብርቅ ሆነ» እንላለን፣ ታዲያ ልጅ ሁለቱን ቢያምታታ ምን ይፈረድበታል? ለዚህ ጥሩው ዘዴ ሁለት እንስሳትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ጭላዳንና አቦ ሸማኔን። ጭላዳ ሰሜን ተራሮች ላይ በመቶዎች ሆኖ ሣር ሲነጭ ይታያል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ግን በዱር አይገኝም። አቦ ሸማኔ እኛ ጋ በጣም ጥቂት ነው፣ ናሚቢያና ቦትስዋና ግን አለ፣ ኢራን ውስጥ እንኳ ጥቂት ቀርቷል። ስለዚህ ብርቅዬው ጭላዳ ነው። አንበሳም፣ ሳንቲማችን ላይ ቢኖርም፣ ብርቅዬ አይደለም።

«ሀገር በቀል» ደግሞ ሌላ ነው። ጽድና ወይራ ሀገር በቀል ናቸው፣ ማንም አላመጣቸውም፣ ግን ሌላም አገር ይበቅላሉ። ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነው።

ብርቅዬ እንስሳት ለምን እኛ ጋ በዙ? በተራሮቻችን ምክንያት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ብርድ የለመደ እንስሳ ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ለመሄድ በመሀል ያለውን የሚነድ ቆላ ማቋረጥ አለበት። አይችልም። ስለዚህ ተራራው ለእሱ በባሕር እንደተከበበ ደሴት ነው፣ እዚያው ለብዙ ሺህ ዓመታት ተለይቶ ሲኖር ከዘመዶቹ እየራቀ ራሱን የቻለ ዝርያ ይሆናል። ዋልያ ሰሜን ተራሮች ላይ ብቻ ቀረ። ቀይ ቀበሮ አዘውትሮ የሚያድነው ትልቁ ፍልፈል ደግሞ ከባሌ ውጭ የለም። የኢትዮጵያ ብርቅዬ ሲባል መላው ኢትዮጵያ ውስጥ አለ ማለት እንዳልሆነ ልጆች እዚህ ጋ ይገባቸዋል፣ ካርታ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ሲቀቡ ያኔ ነገሩ ይታያቸዋል።

አሁን ወደ ቀይ ቀበሮ ልምጣ፣ ምክንያቱም የቃሉ ክብደት የሚገባው እሱ ጋ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ተራሮች ላይ ነው ያለው። የባሌ ኦሮሞ ጀዳላ ፈርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፤ የምትወልድ ፈረስ ወይም ላም ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል። ትልቁ ጠላቱ አዳኝ አይደለም። ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ባሌ ተራሮች ላይ ባለው ዌብ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በወራት ውስጥ!

የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያዎቹ ቀበሮ ይቆጥራሉ፣ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ይከትባሉ። ግን ትምህርት ቤት ካልገቡ ሥራው ጎዶሎ ነው፣ እየገቡም ነው። ለምን? ውሻው የእረኛው ነው፣ እረኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተማሪው ነው። ቤተሰቡ ውሻውን የሚፈልገው ማታ ማታ ከብቱን ከጅብ እንዲጠብቅለት ነው፣ ስለዚህ «ውሻ አታሳድጉ» ብሎ ማስተማር አያስኬድም። ልጁ ግን በክትባት ቀን ውሻውን አስሮ ማምጣት ይችላል። ቀን ቀን ቀበሮው ወዳለበት ሜዳ እንዳይከተለው ማድረግ ይችላል። ክትባቱ ውሻውንም፣ ቤተሰቡንም፣ ከብቱንም እንደሚያድን ለአባቱ የሚነግረውም እሱ ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርት ስንል እንግዲህ ይኼ ነው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዋልያ ፎቶ ብቻውን አይበቃም።

እኔ ብሆን ፈተናው ላይ «አምስት ብርቅዬ እንስሳት ጥቀስ» የሚለውን አውጥቼ «ይኼ እንስሳ እዚህ ቢጠፋ ሌላ የት እናገኘዋለን?» የሚለውን አስገባ ነበር። ለአንበሳ መልስ አለው። ለዋልያ የለውም።

ለመጀመር የግድ ባሌ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ የሚያርፈውን፣ ማንቁሩ ወፍራም የሆነውን ትልቅ ቁራ ታውቁታላችሁ። ወፍ ድንበር አያውቅምና ኤርትራም አለ፣ ስለዚህ የኢትዮጵያ ብቻ አይባልም፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ ግን መኖሪያ የለውም። ልጆች በየቀኑ ያዩታል፣ የነገራቸው ግን የለም። አስተማሪዎች፣ በሚቀጥለው የእረፍት ሰዓት ተማሪዎቻችሁን ግቢ ውስጥ አቁማችሁ ቀና በሉ በሏቸው፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ያለችውን ነጭ ምልክት ይፈልጉ።