የስኳር በሽታ «ስርጭት» ምንድን ነው? ገጠር ላይስ ለምን ያነሰ ይመስላል?

እዚህ ጅማ ስኳርን «የሀብታም በሽታ» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ጅማ አጠገብ ባለችው ዴዶ ወረዳ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የሚውል ቀጭን ገበሬ ስኳር አለበት ቢባል ብዙዎች አያምኑም። እስቲ ቁጥሩን እንየው።

ስርጭት ማለት በአንድ ወቅት ከአንድ አካባቢ ሰው ውስጥ በሽታው ያለበት ስንት በመቶ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ የታመመውም፣ ከ10 ዓመት በፊት ታሞ መድኃኒቱን እየወሰደ የሚኖረውም ይቆጠራል።

በታዳጊ አገሮች ገጠር የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ 1.8 በመቶ የነበረው ስርጭት ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት 8.6 በመቶ ደርሷል። የብዙ አገር አማካይ ስለሆነ ለጅማ ገጠር እንዳለ አይወሰድም። አካሄዱ ግን ያስደነግጣል።

ይህን ቁጥር ከሆስፒታል መዝገብ ማግኘት አይቻልም። መንደር ወርዶ፣ ጤነኛ ነኝ የሚለውንም ጭምር ደሙን መለካት ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገመተው፣ አፍሪካ ውስጥ ስኳር ካለባቸው አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዳለባቸው አያውቁም።

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ስርጭት የሚቆጥረው በሕይወት ያለውን ብቻ ነው። አንድ የ20 ዓመት ልጅ ውሃ ውሃ ይለዋል፣ ሌሊት ሽንት ያመላልሰዋል፣ ይከሳል። ቤተሰቡ «ሳንባ ነው» ይላል፣ ወይም «ቡዳ በልቶት ነው»። ኢንሱሊን (በመርፌ የሚሰጠውን የስኳር መድኃኒት) ሳያገኝ ይሞታል። ከዚያ ቁጥሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ገጠር ላይ ስኳር ትንሽ ነው» ሲባል፣ የታመሙት ትንሽ ናቸው ወይስ ሳይታወቅላቸው አልቀዋል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በተቃራኒው ሕክምናው ሲቀርብ ሰው ይኖራል፣ ስርጭቱም ከፍ ይላል። ይሄ ጥሩ ጭማሪ ነው። ጅማ ላይ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርዶ፣ የሠለጠኑ ነርሶች እንዲይዙት የተደረገው ለዚህ ነው። ለኢንሱሊን ብሎ ግማሽ ቀን በእግሩ የሚጓዝ ሰው ውሎ አድሮ መቅረቱ አይቀርማ!

ድሮ ሽንት ላይ ጉንዳን ሲሰፍር ነበር የሚጠረጠረው። አሁን አንዲት ጠብታ ደም ትበቃለች። ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ ተለክቶ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር (mg/dL) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀንም ተደግሞ እንደዚያው ከወጣ፣ ስኳር ነው። ቀጭኑም ገበሬ ይለካ።