የኤ2 መንጃ ፈቃድ ሲሲ አይቆጥርም

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ኤ2 የሚባለውን፣ የመካከለኛ ጉልበት ሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ሲመርጥ «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ የሞተሩን ይዘት ይጠይቃል። ሕጉ ግን የሚያየው ጉልበቱን ነው። ከ35 ኪሎዋት፣ ማለትም ከ47 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ መብለጥ የለበትም።

ክብደትም ይታያል። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.2 ኪሎዋት በላይ አይፈቀድም። ስለዚህ 150 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ጣሪያው 30 ኪሎዋት ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ሞተር ገዝቶ ጉልበቱን ማስቀነስ ይቻላል። ከፋብሪካ ሲወጣ ከ70 ኪሎዋት በላይ ከነበረ ግን፣ 35 ላይ ቢገደብም አይሆንም። ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ይህን ከሰነዱ ላይ አረጋግጥ። እኔ ብሆን ከመነሻው በገደቡ ውስጥ የተሠራ፣ እግሬ መሬት በደንብ የሚነካበትን ቀለል ያለ ሞተር እመርጣለሁ።