ታይቶ የሚጠፋ የመኪና ኤሌክትሪክ ብልሽት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጠዋት ደሴ ላይ በስንት ልመና የተነሳች አሮጌ ኮሮላ ሐረጎን ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ምንም እንዳልነካት ትሆናለች። ጋራዥ ገብታ ስትፈተሽ ደህና ናት፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ያው ናት። ያኔ ነው ምክሩ የሚበዛው።

«ራሱ ለቀቀው፣ ድናለች»

የላላ ሽቦ ራሱን አያጠብቅም። ታይቶ የሚጠፋ ብልሽት የሚጠብቀው ነገር አለው፦ ብርድ፣ እርጥበት፣ ሙቀት ወይም ንቅናቄ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ራሱ መመርመሪያ ነው። በጉም ጠዋት ብቻ የምታስቸግር ከሆነ የካንዴላ ገመዶችንና የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለውን) ክዳን ይዩ። ኮምቦልቻ በቀትር ቀጥ ብላ ቆማ፣ ሃያ ደቂቃ አርፋ ከተነሳች ለካንዴላ እሳት የሚሰጡት ኮይልና ኢግናይተር፣ ወይም የነዳጅ ፓምፑን የሚያበራው ማብሪያ (ሪሌ) ይጠርጠር። ጉድጓድ ላይ ብቻ ከሆነ ሶኬት ወይም ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተርና ቦዲ የሚሄደው ገመድ) ላልቷል። በጠፋች ቁጥር ሰዓቱንና ምን በርቶ እንደነበር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ከግማሽ ቀን ፍለጋ ያድናል።

«ካልነሳች ባትሪው ነው»

ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። አርፎ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያነባል፤ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) «ቀጭ» ብቻ ካለ ማሳውን ይለኩ።

ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ እርሳስ፣ ማለትም ከባትሪው የወጣው ጉጥ ላይ (ገመዱን የሚይዘው ማሰሪያ ላይ ሳይሆን)፣ ሌላውን ቀለም የሌለበት የሞተር ብረት ላይ ይያዙና ሰው ቁልፉን ያዙር። ንባቡ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። 1 ቮልት ካሳየ ገመዱ ወይም ማሰሪያው ኃይሉን እየበላው ነው። የመጀመሪያውን ጫፍ ከእርሳሱ ወደ ማሰሪያው ሲያዛውሩት ንባቡ ከወረደ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ነው። ብሎኑን ፈትተው ሲያዩት ከሥሩ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ያገኛሉ። ገመዱንም የሚያርፍበትንም ብረት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ ግራሶ የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ነው።

«ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ነቅሎ ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው»

አይሞክሩት። ባትሪው ሲነቀል የዲናሞው ቮልቴጅ በድንገት ይዘላል፤ ዳዮዶቹንና ሬዲዮውን ሊያቃጥል ይችላል። ከላይ ያለው የ13.8–14.4 ልኬት በቂ ነው።

«ቴስተሩ ከጮኸ ሽቦው ጤነኛ ነው»

ቴስተሩ ሽቦ አለመቆረጡን በድምፅ ሲፈትሽ የሚልከው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ከሽቦው ክሮች አንዷ ብቻ ብትቀርም ይጮኻል፤ ባለ 55 ዋት የፊት አምፖል ግን 4.6 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፣ ያቺ አንዲት ክር አትችለውም። ስለዚህ መብራቱን አብርተው አምፖሉ ጋ ቮልቱን ይለኩ። የሾፌሩ በር ማጠፊያ ላይ ያለውን ጎማ መሸፈኛም ገልጠው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣት ይሳቡ፦ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ውስጡ ያለው መዳብ ተቆርጧል።

«ፊውዙ ትንሽ ስለሆነ ነው የሚቃጠለው፣ ከፍ አድርግለት»

በ10 አምፔር ቦታ 30 ከገባ፣ ይባስ ብሎም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ከተጠቀለለበት፣ በፊውዙ ፈንታ የሚቃጠለው ሽቦው ነው። ይልቅ የ12 ቮልት 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በፊውዙ ቦታ ያገናኙ። በዚያ መስመር ያለውን ሁሉ ያጥፉ ወይም ይንቀሉ። ሾርት ካለ (ሽቦው ቦዲ ከነካ) አምፖሉ ቦግ ይላል፣ የሚያልፈውም ከ2 አምፔር በታች ስለሆነ ሽቦው አይጎዳም። ከዚያ ሽቦዎቹን ጫፍ ጀምረው እያነቃነቁ ይሂዱ፤ አምፖሉ ጠፋ በራ የሚልበት ቦታ እሱ ነው።

«ኮምፒውተር ይሰካላት፣ ይነግርሃል»

ካርቡሬተር ያላት መኪና ምን ላይ ይሰካል? የኮምፒውተር መሰኪያ ቢኖራትም የሚወጣው የብልሽት ኮድ የሚጠቁመው መስመሩን ነው እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም።

«ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ይበቃል»

የናስትሮው ሙጫ በኮምቦልቻ ሙቀት ይለቃል፣ የደሴ እርጥበት ይገባበታል፤ በአንድ ክረምት መዳቡ ይጠቁራል። በእርሳስ በይደው በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያልብሱት፤ ቱቦው ግን ሽቦዎቹ ከመገናኘታቸው በፊት መግባት አለበት።