ጥላቻ ከመድረክ ሲሰበክ፦ የበርሊኑ ሰባኪ አዶልፍ ሽቶከር

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ በጀርመን ስለነበረው የአይሁድ ጥላቻ ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን ሂትለር ነው። ጥላቻው ግን ሂትለር ከመወለዱ በፊት ማኅበርም፣ ፓርቲም፣ ፊርማ አሰባሳቢም ነበረው። ካደራጁት ሰዎች አንዱ የወንጌል አገልጋይ ነበር።

አዶልፍ ሽቶከር የቤተ መንግሥት ሰባኪ ነበር፤ በበርሊን ድሆችን የሚረዳውን የከተማ ተልእኮም ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 የአክሲዮን ገበያው ወድቆ ብዙ ሰው ከስሯል። ምሬቱ እውነተኛ ነበር። ሽቶከር በ1878 ሠራተኛውን ከሶሻሊስቶች ለመመለስ ፓርቲ አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ምርጫ ግን የመረጠው ጥቂት ሰው ነው። በመስከረም 1879 ባደረገው ንግግር ፊቱን ወደ አይሁድ አዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው አዳራሹን ይሞላለት ጀመር።

የዚያን ቀን ንግግሩን ጠጋ ብለን እንየው። የምናገረው በሙሉ ክርስቲያናዊ ፍቅር ነው አለ። ከአይሁድ የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ትንሽ ትሕትና፣ ትንሽ መቻቻል፣ ትንሽ እኩልነት። ላይ ላዩን ሲሰማ የዋህ ጥያቄ ነው። መርዙ ያለው ከሥሩ ነው፤ ከአገሩ ሕዝብ መቶ እጅ አንድ ያህል የሚሆኑትን ሰዎች፣ ድሃ ሀብታም ሳይል፣ እንደ አንድ ተከሳሽ አቆማቸው። አንድን ሰው በስሙ ብትከስሱት ማስረጃ አምጡ ትባላላችሁ። ሕዝብ በጅምላ ሲከሰስ ግን ማስረጃ የሚጠይቅ አይገኝም። «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ትእዛዝ የተጣሰው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት ጋዜጠኛው ቪልሄልም ማር አይሁድን የሚቃወም ማኅበር፣ የፀረ ሴማውያንን ሊግ፣ መሠረተ። የእሱ ጥላቻ ከሃይማኖት ይልቅ በዘር ላይ የቆመ ስለሆነ፣ አይሁዳዊ ቢጠመቅም ያው አይሁዳዊ ነው ባይ ነበር። የሽቶከር ሰሚ ምእመን ከእነዚህ ጋር እየተቀላቀለ መሆኑን ልብ አላለም። ቀጥሎ አይሁድ ከሥልጣንና ከአንደኛ ደረጃ መምህርነት እንዲወገዱ፣ ከውጭ የሚመጡትም እንዲገደቡ የሚጠይቅ አቤቱታ ዞረ፤ በ1881 ለጀርመኑ ቻንስለር (የመንግሥቱ መሪ) ለቢስማርክ ሲቀርብ ሩብ ሚሊዮን ያህል ፊርማ ነበረበት። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ በኖይሽቴቲን ከተማ አንድ ቀስቃሽ ተናግሮ በሄደ በቀናት ውስጥ ምኩራቡ ተቃጠለ። ለፍርድ የቀረቡት አይሁዳውያኑ ራሳቸው ናቸው፤ ነጻ የወጡት ከዓመታት በኋላ ነው። በ1892 ደግሞ ትልቁ የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ጥላቻውን በፕሮግራሙ አሰፈረው።

ጳውሎስ ከአሕዛብ ላመንነው «ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን የምትሸከም አንተ አይደለህም» ብሎናል (ሮሜ 11፥18)። ይህ ሲዘነጋ የሚመጣውን ኅዳር 1933 አሳየ፦ «የጀርመን ክርስቲያኖች» የተባሉት፣ ናዚዎችን የሚደግፉ ፕሮቴስታንቶች፣ በበርሊን ስፖርት አዳራሽ 20 ሺህ ያህል ሰው ሰብስበው፣ ተናጋሪያቸው ብሉይ ኪዳን ከቤተ ክርስቲያን ይውጣ አለ። ብዙዎች ደንግጠው ከንቅናቄው ወጡ፤ ነገር ግን አይሁዳዊ ትውልድ ያላቸው አገልጋዮች ይባረሩ የሚለው ሕግ ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞ በጀርመን ትልቁ ግዛት በፕሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ጸድቆ ነበር።

እንግዲህ ስብከት ስንሰማ የምናጣራው ይህን ነው። በደል ሲነገር በዳዩ ሰው ነው ወይስ ሕዝብ? «በፍቅር» የተባለለት ንግግር ለዚያ ሕዝብ ምን ሊያደርግ ይፈልጋል? ማቴዎስ ምዕራፍ 1 ላይ ያለውን የጌታን የትውልድ ሐረግ፣ የዳዊት ልጅ የአብርሃም ልጅ ብሎ፣ ያው ሰባኪ ሳያፍር ሊያነብበው ይችላል? መልሱ ካሳሰባችሁ በማቴዎስ 18፥15-17 መሠረት መጀመሪያ ለብቻው አግኝታችሁ ንገሩት፤ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ እንቢ ካለም ለማኅበረ ምእመናኑ ይነገር።