ክላቱ ባራዳ ኒክቶ ምንድን ነው?

የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ወዳጆች ሲጫወቱ «ክላቱ ባራዳ ኒክቶ» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። የየትኛውም አገር ቋንቋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 ለወጣ አንድ የሆሊውድ ፊልም ተብሎ የተፈጠረ ትእዛዝ ነው። የፊልሙ ርዕስ በአማርኛ «ምድር ቀጥ ብላ የቆመችበት ቀን» ቢባል ያስኬዳል። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዋይዝ ነው።

በፊልሙ ከሌላ ዓለም የመጣ አንድ ሳህን መሳይ መንኮራኩር ዋሽንግተን ዲሲ መሃል፣ የቤዝቦል ሜዳ ላይ ያርፋል። ክላቱ የሚባል ሰው መሳይ እንግዳ ይወጣል። በሰላም መምጣቱን ተናግሮ አንድ ዕቃ ሲያወጣ፣ የደነገጠ ወታደር ይተኩስበታል። ዕቃው ለፕሬዚዳንቱ ያመጣው ስጦታ ነበር! ወዲያው ጎርት የሚባለው ግዙፍ ሮቦት ብቅ ይልና ጠመንጃውንም ታንኩንም ያቀልጠዋል። የቆሰለው ክላቱ ራሱ ነው በቃ ብሎ የሚያስቆመው።

ክላቱ የዓለም መሪዎችን ሁሉ በአንድነት ማናገር ይፈልጋል። እነሱ ግን የት እንሰብሰብ በሚለው እንኳ አይስማሙም። ይህ ለዘመኑ ተመልካች ተረት አልነበረም። ሶቪየት ኅብረት አቶሚክ ቦምብ የሞከረችው በ1949 ነው። በ1950 ደግሞ የኮሪያ ጦርነት ተጀመረ። ፊልሙ ሲወጣ የኛም ቃኘው ሻለቃ እዚያው ኮሪያ ነበር።

መሪዎቹ እምቢ ሲሉ ክላቱ ከሆስፒታል ይጠፋል። ተራ ሰው መስሎ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ኃይሉን ለማሳየትም በመላው ዓለም ኤሌክትሪክን ለግማሽ ሰዓት ቀጥ ያደርጋል። ሆስፒታሎችንና በአየር ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን ግን አይነካም። እኔ በጣም የምወደው ይህን ጥንቃቄውን ነው፤ ማስፈራራት እየቻለ ሰው እንዳይጎዳ ይጨነቃል።

ትእዛዙ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እዚያው ግቢ ሄለን የምትባል ባሏን ጦርነት የነጠቃት እናት ትኖራለች። ክላቱ አንድ ነገር ቢደርስብኝ ጎርት ጋ ሄደሽ እነዚህን ቃላት በዪው ይላታል። ወታደሮች ተኩሰው ይገድሉታል። ጎርት ይነቃና ጠባቂዎቹን ያጠፋል። ከዚያ ወደ እሷ ይመጣል። ሄለን በፍርሃት እየተንቀጠቀጠች «ጎርት! ክላቱ ባራዳ ኒክቶ!» ትላለች። ሮቦቱ ይቆማል። አንስቶ ወደ መንኮራኩሩ ያስገባታል፤ የክላቱንም ሬሳ አምጥቶ ሕይወት ይዘራበታል።

የቃላቱ ፍቺ በፊልሙ ውስጥ አይነገርም። ሥራቸው ግን በግልጽ ይታያል፤ በቀልን ያስቆማሉ። ለኔ የፊልሙ ትልቁ ነገር አደራው የተሰጠው ሰው ነው። ጄኔራል አይደለም፣ ፕሬዚዳንትም አይደለም። ቢሮ ውላ ልጇን ለማሳደግ ቤቷ የምትገባ ሴት ናት።

ቃላቱ ከፊልሙ ውጭም ኖረዋል። በ1983 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ሦስቱም የገጸ ባሕርያት ስም ሆነዋል።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። ክላቱ በመጨረሻው ንግግሩ ሕዝቦቹ ሰላም ያገኙት እንደ ጎርት ያሉ ሮቦቶችን ፖሊስ አድርገው በመሾም እንደሆነ ይናገራል። ጠብ የጀመረን ሁሉ ይቀጣሉ፤ ሥልጣናቸውም አይሻርም። ምድርም ጠቧን ይዛ ወደ ሌሎች ከመጣች ትጠፋለች። ሰላሙ እንግዲህ በፍርሃት የተገዛ ነው። እኔ ከዚህ ንግግር ይልቅ የሄለንን ሦስት ቃላት አምናለሁ።