ቀጥ ያለው መስመር፦ በቴሌቪዥን ድራማ የሚታየው የልብ ቀዶ ሕክምና እና ሕክምናዊ እውነቱ

በሐረርና በድሬዳዋ ምሽት ላይ ቴሌቪዥን በሚከፈትባቸው ቤቶች የልብ ቀዶ ሕክምና እንግዳ ትዕይንት መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ሥርጭቱን ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የተቀዱ የውጭ ሀገር ተከታታይ ድራማዎች በየሳሎኑ ገብተዋል፤ የአንድን ተወዳጅ ገጸ ባሕርይ ዕጣ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የሚወስኑትም ጥቂት አይደሉም። ጀጎል ውስጥ ባለ ቤት ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ተደርድሮ ከሚመለከተው ቤተሰብ መካከል፣ ሞኒተሩ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ሲል እናትየዋ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። ያ መስመር የሞት ምልክት መሆኑን ማንም ሳያስተምራት ከድራማው ተምራዋለች። በልብ ክፍት ቀዶ ሕክምና ግን ቀጥ ያለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ሐኪሞቹ አስበውበት የሚያመጡት ሁኔታ ነው፤ የእነዚህ ትዕይንቶች እውነተኛነትም ከሁሉ በፊት የሚመዘነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ልብ ሳይቆም የሚሠሩ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ቢኖሩም፣ የልብን ውስጥ ከፍቶ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከላከለውን የልብ በር፣ ለመጠገን ወይም ለመተካት የልብና የሳንባ ሥራ ለጊዜው በማሽን መያዝ አለበት። ጆን ጊቦን የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ለዓመታት የደከመበትን የልብ-ሳንባ ማሽን እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1953 ፊላደልፊያ ውስጥ ተጠቅሞ፣ በአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብ የላይኛ ክፍሎች መካከል የነበረውን ቀዳዳ ደፈነ፤ ማሽኑም ለ26 ደቂቃ ልቧንና ሳንባዋን ሙሉ በሙሉ ተክቶ ሠራ። መርሑ ዛሬም ያው ነው። ደሙ እንዳይረጋ በቅድሚያ ሄፓሪን በብዛት ይሰጣል፤ ከዚያ ጠቆር ያለው ደም በወፍራም ቱቦ ከልብ ቀኝ በኩል ወጥቶ ወደ ማሽኑ ይወርዳል፣ ኦክስጅን ተቀብሎም ደማቅ ቀይ ሆኖ በሌላ ቱቦ ከልብ ወደሚወጣው ዋና ደም ሥር፣ ወደ አኦርታ፣ ይመለሳል። ይህ ሲደላደል አኦርታው በመቆንጠጫ ይያዝና ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞ፣ ወደ ልብ ይላካል። ልቡ ይዝላል፣ ከዚያም ይቆማል። መስመሩ ቀጥ ሲል በክፍሉ ውስጥ የሚጮህም የሚሮጥም የለም፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ሰዓት ይቆጠራል።

በድራማ ይህ ማሽን ብዙ ጊዜ ከነጭራሹ አይታይም፤ ቢታይም የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ንግግር አይሰጠውም። ፐርፊዩዥኒስት የሚባለው ይህ ሰው መቆንጠጫው ከተያዘ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ለቀዶ ሐኪሙ የሚያሳውቅ፣ ዓይኑንም ከማሽኑ የደም ማጠራቀሚያ ላይ የማይነቅል ባለሙያ ነው፤ ማጠራቀሚያው ባዶ ቢሆን አየር ወደ ታማሚው አንጎል ሊሄድ ይችላል። እውነተኛ ውጥረት ለሚፈልግ ደራሲ ከዚህ የተሻለ ገጸ ባሕርይ የሚገኝ አይመስለኝም።

ትዕይንቱ በባለሙያ ምክር መሠራቱ የሚታወቀው በጥቃቅን ነገሮች ነው። በልብ ግራ በኩል በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው ሚትራል ቫልቭ ሲጠገን ቀዶ ሐኪሙ ስፌቱን እንደጨረሰ በሲሪንጅ ሳላይን (የጨው ውሃ) ወደ ግራው የታችኛ ክፍል ይረጫል። ጥገናው ከተሳካ ሁለቱ የቫልቭ ቅጠሎች ነፋስ እንደሞላው ሸራ ተነፍተው ይገጥማሉ፣ ፈሳሹም ውስጥ ይቀራል፤ ካልተሳካ በአንደኛው ጥግ ቀጭን ፍንጥቅታ ብቅ ትላለች። ሐኪሙ ያቺን ፍንጥቅታ በአጉሊ መነጽሩ አይቶ አንድ ክር ይጨምራል፣ መልሶም ይረጫል። ደም ወደ ጣሪያ ከሚረጭበት ትዕይንት ይልቅ ይህቺ ጸጥ ያለች ቅጽበት ለእውነቱ ትቀርባለች።

ልቡ የሚመለስበት ሁኔታም ከሚታየው ይለያል። መቆንጠጫው ተለቅቆ ሞቅ ያለ ደም ሲደርሰው ብዙ ጊዜ በራሱ ይነሣል፤ በሥርዓት ከመምታት ይልቅ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ማንኪያ በሚመስሉ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች መሐል ተይዞ ከ10 እስከ 20 ጁል (የኃይል መለኪያ ነው) የሚሆን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ይሰጠዋል። በደረት ቆዳ ላይ የሚሰጠው ከ120 እስከ 200 ጁልና ከዚያም በላይ ነው። በሁለቱም ሁኔታ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ለሚንቀጠቀጥ ወይም ሥርዓቱን አጥቶ በፍጥነት ለሚመታ ልብ ነው። ከቀዶ ሕክምና ውጭ በድንገት ቀጥ ላለ መስመር የሚደረገው ደረትን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫንና አድሬናሊን መስጠት ሲሆን፣ ድራማ ግን በዚሁ መስመር ላይ ኤሌክትሪክ መስጠትን ልማድ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በሦስት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት፣ በስክሪን ላይ ደረታቸው ከተጫነ ታማሚዎች 75 በመቶው ወዲያው እንደዳኑ ቆጥሯል። በውኑ ዓለም ሆስፒታል ውስጥ ልቡ ቆሞ በሕይወት ወደ ቤቱ የሚመለሰው፣ መሣሪያው በተሟላባቸው ሀገሮች እንኳ፣ ከአራት ሰው አንድ ገደማ ነው።

ከቀረጻ አንጻር አዘጋጆች ከሲሊኮን የተሠራ ደረትና በአየር የሚንቀሳቀስ ልብ ይጠቀማሉ፤ አንዳንዴም የእንስሳ ልብ። የሰው ልብ 300 ግራም ገደማ ስለሆነ የበሬ ልብ ይገዝፋል፣ የትልቅ በግ ልብ ይቀርባል። ተዋናዩ ፊቱ እንዲታይ ጭንብሉን ዝቅ ማድረጉ ግን ለካሜራ ሲባል የሚደረግ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የሚፈቅደው ሐኪም የለም።

የታማሚው ማንነት ለእኛ ተመልካቾች ከሁሉ የሚርቀን ጉዳይ ነው። በውጭ ድራማ ልቡ የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ ደም ሥሩ የተዘጋበት ጎልማሳ ነው። በኢትዮጵያ በርካታ የልብ ታማሚዎች ግን በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመም ይዟቸው፣ ሰውነታቸው ለዚያ በሰጠው ምላሽ ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች ናቸው፤ ቤት ውስጥ ቶንሲል ተብሎ የሚታለፈው ሕመም ነው ሪውማቲክ የልብ በሽታ የሚሆነው። በሐረር ሕይወት ፋና ወይም በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል የምትታይ ልጅ ሕመሙ እንዳይመለስባት በየወሩ ገደማ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋት ብዙ ጊዜ ሪፈር ተጽፎላት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ትጓዛለች፤ በዚያም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ይገኛል። ወረፋውን፣ የቤተሰቡን የመኝታ ወጪ፣ ተራ ደርሶ ስልክ እስኪደወል ያለውን ጥበቃ የሚያሳይ ድራማ በእኛው ቋንቋ ቢጻፍ ከልብ እመኛለሁ።

ድራማው በሁለት ትዕይንት የሚጨርሰው ማገገምም ረጅም ነው። ታማሚዋ የምትነቃው መተንፈሻ ቱቦ ጉሮሮዋ ውስጥ እያለ ስለሆነ መናገር አትችልም፤ ደረቷ ላይ ፈሳሽ የሚያወጡ ቱቦዎች አሉ። በብረት ክር የታሰረው የደረት አጥንት እስኪገጥም ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፤ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን ማንሣት በዚያ ጊዜ ክልክል ነው፣ ይህም ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ሰፈር ለአንዲት ወጣት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። የብረት ቫልቭ ከገባላት ዕድሜ ልኳን ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ትወስዳለች፣ ደሟን በየጊዜው ትመረመራለች፣ ጎመን የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያዳክም የምትበላውን መጠን ከሳምንት ሳምንት አታለዋውጥም፤ መድኃኒቱ ጽንስን ስለሚጎዳ ለመውለድ ስታስብም አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ መኝታዋ አጠገብ ለተኛች እኅቷ ሳይቀር፣ ቫልቩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል።